ፋርሶች ከዐረብኛ የወሰዱትና ያልወሰዱት

ኢስላምን የተቀበለ ሕዝብ ሁሉ ዐረብ የሆነ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። የሳሳኒዶች መንግሥት በ651 እ.ኤ.አ. ካከተመ በኋላ ፋርሶች ቀስ በቀስ ሰለሙ፤ በዐረብኛ ፊደል ላይ አራት ጨምረው ቋንቋቸውን ጻፉበት። ሶላትን ግን ዛሬም በጥንት ቃላቸው «ነማዝ»፣ ጾምን «ሩዜ» ይሉታል።

ዐረብኛ የቀራን ሰዎች ፋርስኛ ስንጀምር ብዙው ቃል ይገባንና ዐረፍተ ነገሩ ያመልጠናል። የሚያግዘን አማርኛችን ነው። «መን ኬታብ ራ ሚኻነም» ማለት «እኔ ኪታቡን እቀራለሁ» ነው፤ «ራ» የእኛዋ «ን» ናት፣ ግሡም መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ፊክር»ን ከዐረብኛ ወስደው የራሳቸውን «ማድረግ» አከሉበትና «ፌክር ከርደን» አሉ፤ ማሰብ ማለት ነው። በፆታ ግን አማርኛም አያድነንም፦ «እሱ»ም «እሷ»ም «ኡ» ነው፤ የመጣው ወንድ ይሁን ሴት ከወሬው መሃል መፈለግ ነው።