የዶሎሬስ ደወል

በማዕከላዊ ሜክሲኮ የሚገኘው የዶሎሬስ ቤተ ክርስቲያን በስፔን ቅኝ አገዛዝ ላይ ዐመፅ የተጠራበት ደብር ሲሆን፣ አስተዳዳሪው ቄስ ሚጌል ኢዳልጎ ለምእመናኑ የሸክላ ሥራን፣ የወይን ተከላንና የሐር ትል እርባታን በማስተማራቸው በድሆች ዘንድ እጅግ የታመኑ ካህን ነበሩ። ኢዳልጎም የተካፈሉበት፣ በኬሬታሮ ከተማ በምስጢር ይመከር የነበረው የነጻነት ዕቅድ በመጋለጡ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1810፣ በእሑድ ማለዳ፣ ለቅዳሴ የሚጠራው ደወል ለዐመፅ ተደወለ፤ በኋላ «የዶሎሬስ ጩኸት» የተባለው፣ ሕዝቡ በክፉው አገዛዝ ላይ እንዲነሣ የቀረበው ጥሪም በደጀ ሰላሙ ተሰማ። ገበሬውን ያስነሣው በጽሑፍ የወጣ አዋጅ ሳይሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ይህ የደወል ድምፅና የካህኑ ቃል ነው። ኢዳልጎ በ1811 ተይዘው ተረሸኑ። ደወሉ ግን በ1896 ወደ ሜክሲኮ ከተማ ተወስዶ ከብሔራዊው ቤተ መንግሥት ዋና በር በላይ ተሰቀለ፤ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 15 ምሽትም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በሰገነቱ ቆመው ይደውሉታል።