የዓለም ዋንጫና የሲኒማ ተመልካች (በኢትዮጵያ)

ሰኔና ሐምሌ ላይ የሚካሄድ የዓለም ዋንጫ ከፊልም ጋር ተመልካች ይሻማል። አውሮፓ በጋ ሲሆን ደሴና ቦሩ ሜዳ ክረምት ነው፤ በዝናቡና በጭቃው የተነሳ ኳሱም ፊልሙም ጣሪያ ሥር ይታያል። ወሳኙ ጨዋታው የሚጀመርበት ሰዓት ነው። ሞስኮና አዲስ አበባ የሰዓት ልዩነት ስለሌላቸው የሩሲያው ፍጻሜ ሐምሌ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. እሑድ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ተጀመረ፤ ለሲኒማ ቤት ከዚህ የከፋ ሰዓት አይገኝም። በ2006 ዓ.ም. የብራዚሉ ውድድር ግን በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት የሚጀምር ጨዋታ ስላልነበረው የቀኑ ፊልም ነፃ ነበር። ቪዲዮ ቤት ግን ከኳሱም ከፊልሙም ያተርፋል፦ ፊልሙን አቋርጦ፣ በዚያው አግዳሚ ወንበር በዲኤስቲቪ የሳተላይት ቴሌቪዥን ኳስ ያሳያል፤ ሰዓቱንም በር ላይ በጠመኔ ይጽፋል። የኳታሩ ዋንጫ በኅዳርና በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በመካሄዱ ሽሚያው ያኔ ወደ በጋ ዞሮ ነበር።