የግብርና መስፋፋት ወደ ሰሜን አውሮፓ

የግብርና መስፋፋት ወደ ሰሜን አውሮፓ በቅድመ ታሪክ ዘመን እህል ማምረትና ከብት ማርባት ከመካከለኛው አውሮፓ ተነሥቶ ስካንዲናቪያና ፊንላንድ የደረሰበት ሂደት ነው። ሂደቱ ቀጥተኛ ጉዞ አልነበረም፤ ግብርናው ከሺህ ዓመት በላይ ቆመ፣ በኋላ በፍጥነት ገሠገሠ፣ በአንዳንድ ቦታም ወደ ኋላ ተመለሰ።

የኤርተቦሌ ባህል

ግብርና ከክርስቶስ ልደት በፊት (ክ.ል.በ.) በ5500 ገደማ መካከለኛው አውሮፓ ደረሰ። ገበሬዎቹ የሰፈሩት ለምና ለማረስ ቀላል በሆነ አፈር ላይ ነበር። በስተሰሜናቸው፣ በዴንማርክና በደቡብ ስዊድን፣ የኤርተቦሌ ባህል ሰዎች ዓሣ በማጥመድ፣ አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳና አጋዘን በማደን ይኖሩ ነበር። የበሏቸው የባሕር እንስሳት ዛጎል ተከምሮ ዛሬም በዳርቻው ይገኛል። ሸክላ ይሠሩ፣ ከደቡብ ገበሬዎችም የድንጋይ መጥረቢያ ያገኙ ነበር። ስለዚህ እርሻን ያልያዙት ገበሬዎችን ስላላወቁ አልነበረም፤ ባሕሩ በቂ ምግብ ይሰጣቸው ነበር።

የገበሬዎች መምጣት

በ4000 ክ.ል.በ. ገደማ ስንዴ፣ ገብስ፣ ከብትና በግ በዴንማርክና በደቡብ ስዊድን ታዩ። ይህ ባህል የሚታወቀው አፋቸው እንደ ኢምቡቶ በሰፋ የሸክላ ዋንጫዎቹና ከታላላቅ ድንጋዮች በተሠሩ መቃብሮቹ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ የዲ.ኤን.ኤ. ጥናት መሠረት፣ በስዊድን ጐክሄም የተቀበረች የዚህ ባህል ሴት ዘር ከዛሬ ደቡብ አውሮፓውያን ጋር ይቀራረባል፤ በጎትላንድ ደሴት ከኖሩት አዳኞች ግን ይለያል። ይህም ከዘሩና ከከብቱ ጋር ሰዎችም እንደ ፈለሱ ያመለክታል።

ወደ ባሕር መመለስ

ከ3500 እስከ 2300 ክ.ል.በ. ገደማ በምሥራቅ ስዊድን ዳርቻና በጎትላንድ የኖሩ ሰዎች ኑሯቸው በዋናነት በአቆስጣ አደንና በዓሣ ላይ የተመሠረተ ነበር። ቀድሞ ይታረስ በነበረ አካባቢ እንኳ አደን እንደገና ዋና መተዳደሪያ ሆነ።

ወተትና ገብስ

በጋው አጭር በሆነበት ሰሜን ሣር ከእህል ይልቅ በቀላሉ ስለሚበቅል ከብት እጅግ ጠቃሚ ነበር። በፊንላንድ በ2500 ክ.ል.በ. ገደማ በተሠሩ የሸክላ ዕቃዎች ውስጥ የወተት ስብ ቅሪት ተገኝቷል። ከእህል ወገን ደግሞ ቶሎ የሚደርሰውና ብርዱን የሚችለው ገብስ ከስንዴ ርቆ ሄደ፤ በብረት ዘመን በሰሜን ኖርዌይ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ሳይቀር ይመረት ነበር።