የስማርት ስልክን ማከማቻ ቦታ ለማስለቀቅ ከመሰረዝ በፊት ዋናውን ከቅጂው መለየት ያስፈልጋል

ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባዔና የመስክ ፎቶግራፍ በስልክ መቀባበል በመንግሥት መስሪያ ቤቶች የተለመደ አሰራር እየሆነ በመምጣቱ፣ የስልክ ማከማቻ ቦታ መሙላት የባለቤቱ የግል ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቦታው የሞላ ስልክ አዲስ ፎቶግራፍ ለማንሳት፣ የተላከለትን ፋይል ለመቀበልና የደህንነት ማሻሻያዎችን ለመጫን ይቸገራል። ባለቤቱ በችኮላ ያገኘውን ሁሉ ሲሰርዝ ደግሞ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ የመስሪያ ቤቱ ሰነድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

በመሆኑም ተጠቃሚው በቅድሚያ ቦታውን የያዘው ምን እንደሆነ ማጣራት ይኖርበታል። በአንድሮይድ ስልኮች “ሴቲንግስ” ውስጥ “ስቶሬጅ” የሚለው፣ በአይፎን ደግሞ “ጀነራል” ስር “አይፎን ስቶሬጅ” የሚለው ክፍል እያንዳንዱ መተግበሪያ የያዘውን መጠን ያሳያል። ከሁሉም በላይ ቦታ የሚፈጀው አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮ ነው። ለአብነት ያህል፣ በአይፎን በተለመደው የ1080 ጥራት የሚቀረጽ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ 60 ሜጋባይት ገደማ ሲይዝ፣ በፎር ኬ ጥራት ሲሆን ወደ 170 ሜጋባይት ይደርሳል። በዚህ ስሌት የ1 ሰዓት ስብሰባ በፎር ኬ መቅረጽ 10 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ለቃለ ጉባዔ የሚፈለገው ንግግሩ ከሆነ ድምፁን ብቻ መቅዳት በቂ ነው።

ከቪዲዮ ቀጥሎ ትኩረት የሚሻው ቴሌግራም ነው። መተግበሪያው በየቡድኑና በየቻናሉ የተከፈቱ ምስሎችንና ፋይሎችን በስልኩ ላይ ያስቀምጣል። እነዚህ ግን ቅጂዎች ናቸው፤ ዋናዎቹ የሚገኙት በኩባንያው ሰርቨሮች ላይ ነው። ስለዚህ “ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ” ከዚያም “ስቶሬጅ ዩሴጅ” ውስጥ ገብቶ “ክሊር ካሽ” ማለት መልዕክቶቹን ሳያጠፋ በርካታ ጊጋባይት ሊያስለቅቅ ይችላል። አንድ ፋይል በድጋሚ ካስፈለገ ተመልሶ ይወርዳል፤ በሞባይል ዳታ ከሆነ ግን ለዳታው እንደገና መክፈልን ይጠይቃል። በዚያው ገጽ ፋይሎች ለምን ያህል ጊዜ በስልኩ ላይ እንዲቆዩ መወሰን፣ በ“ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ” ውስጥ ደግሞ በራሳቸው እንዳይወርዱ ማድረግ ይቻላል። ይህን አንድ ጊዜ ማስተካከል በየወሩ ከማጽዳት ይሻላል።

ይሁን እንጂ ቴሌግራም የመዝገብ ቤት ምትክ አይደለም። በሁለት ሰዎች መካከል የተደረገን የመልዕክት ልውውጥ አንደኛው ወገን ለሁለቱም ሊያጠፋው ይችላል፤ ቡድኑ ወይም ቻናሉ ሲዘጋም ፋይሉ አብሮ ይሄዳል።

በዋትስአፕ በኩል ያለው ሁኔታ ተቃራኒ ነው። ለተቀባዩ የደረሰ ፋይል በኩባንያው ሰርቨር ላይ ለዘለቄታው ስለማይቀመጥ፣ በስልኩ ላይ ያለው ብቸኛው ሊሆን ይችላል። “ማኔጅ ስቶሬጅ” የሚለው ገጽ ከ5 ሜጋባይት በላይ የሆኑትንና ብዙ ጊዜ የተላለፉትን ለይቶ ስለሚያሳይ፣ የበዓል መልካም ምኞት ቪዲዮዎችን ከሰነዶች ለይቶ ማጥፋት አያስቸግርም።

በአንድሮይድ ላይ ጎን ለጎን የሚገኙት “ክሊር ካሽ” እና “ክሊር ዳታ” የሚባሉት ትዕዛዞችም ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የመጀመሪያው ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ ያስወግዳል። ሁለተኛው፣ በአንዳንድ ስልኮች “ክሊር ስቶሬጅ” የሚባለው፣ መተግበሪያውን እንደ አዲስ የተጫነ ያደርገዋል፤ በስልኩ ላይ ብቻ የነበሩ መረጃዎችም ይጠፋሉ። በተለይ የባንክ ወይም የማረጋገጫ ኮድ መተግበሪያ ላይ ይህን መጫን አይመከርም።

ፎቶግራፎችን በጉግል ፎቶስ የሚያስቀምጡ ተጠቃሚዎች “ፍሪ አፕ ስፔስ” የሚለውን ሲጠቀሙ፣ ቀድሞ ወደ ሰርቨር የተላኩት ከስልኩ ላይ ብቻ ይነሳሉ። በተለመደው መንገድ የተሰረዘ ፎቶግራፍ ግን ከሁለቱም ቦታ ይጠፋል፤ ወደ ሰርቨር ተልኮ የነበረ ከሆነ ለ60 ቀናት በቆሻሻ መጣያው ውስጥ ይቆያል። በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይልና ለሌሎች ፋይሎችም ጭምር ነው። ከግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጫኑ ፎቶግራፎች ከዚሁ ላይ ስለሚቀነሱ ጉግል ፎቶስ ወሰን የለሽ ጎተራ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

የመስሪያ ቤት ሰነዶችን በሚመለከት ጥንቃቄው ከፍ ማለት ይኖርበታል። ስለ መንግሥት መዛግብት አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 179/1991፣ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተደንግጓል። የባለጉዳዮችን መታወቂያና ማመልከቻ ፎቶግራፍ በግል የጉግል መለያ ወይም ከኪስ በሚወድቅ ሜሞሪ ካርድ ላይ ማስቀመጥ ቦታ ቢያስለቅቅም፣ ባለጉዳዩን ለአደጋ ያጋልጣል። ተመራጩ መንገድ ፋይሉን በኬብል ወደ መስሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ማዛወር፣ በደብዳቤው ቁጥርና ቀን መሰየም፣ በኮምፒውተሩ ላይ በትክክል መከፈቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ከስልኩ ላይ መሰረዝ ነው። በአይፎን የተሰረዙ ፎቶግራፎች “ሪሰንትሊ ዲሊትድ” በሚባለው ማህደር ለ30 ቀናት ቦታ እንደያዙ ስለሚቆዩ፣ ቦታው ወዲያውኑ እንዲለቀቅ የሚፈልግ ተጠቃሚ ማህደሩንም ባዶ ማድረግ አለበት።