ስውር ልቡና እና ጥንተ ቅርጽ

በትርጉም የሥነ ልቡና መጻሕፍትና በዩቲዩብ ትምህርቶች አንድ ቃል እየተለመደ ነው፤ «ኢ-ህሊናዊው የሰው ክፍል»። አንባቢ ምን ብሎ ይረዳው? በዛሬ አማርኛ ህሊና የሚወቅስ፣ የሚቆረቁር ነገር ነው። ህሊና ቢስ ስንልም ክፉ ሰው እንጂ ራሱን የሳተ ሰው አይታየንም። ፍሮይድና ዩንግ በሁላችንም ውስጥ ሳናውቀው ይሠራል ያሉት ክፍል ወደ አማርኛ ሲገባ ይሉኝታ ቢስነት ሆኖ ቀረ። እርግጥ ህሊና «ኀለየ»፣ አሰበ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ድሮ ሐሳብ ማለት ነበር። ዛሬ የሚያነበን ግን የግእዝ መምህር አይደለም።

«ንዑስ ህሊና» የሚሉም አሉ። ንዑስ ሲባል ለዋናው ሪፖርት የሚያቀርብ ንዑስ ኮሚቴ ይመስላል። ፍሮይድ ራሱ «ከንቃት በታች» የሚለውን ስያሜ አልወደደውም፤ ለዩንግም ሰፊው ክፍል ያ የማናየው ነው። «ህቡዕ» ደግሞ በሌሊት ወረቀት የሚበተንበትን ዘመን ይዞብን ይመጣል። «ድብቅ» ከእነዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን ድብቅ ነገር ደባቂ አለው። ሰው ከራሱ ገፍቶ ላራቀው የፍሮይድ ምኞት ይስማማ ይሆናል። ዩንግ ከዚያ ሥር አለ ያለውን፣ አብሮን የተወለደውን ግን ማን ደበቀው?

እኔ «ስውር ልቡና» እላለሁ። ልቡና ከትምህርቱ ስም ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧል። ስውር ሲባልም ጠፋ ማለት አይደለም፤ ዋልድባ ስውራን አባቶች አሉ ሲባል ሰሚው የሚገባው አሉ፣ ይጸልያሉ፣ ዓይን ግን አያያቸውም ብሎ ነው። የሰው ዘር ሁሉ በውርስ የሚጋራው ሲሆን «የወል ስውር ልቡና» ይባል። እዚህ ላይ «ማኅበራዊ» የሚለው ፍጹም አይሆንም፤ ነገሩን ማኅበረሰብ ያስተማረው ያስመስለዋል።

ዋናው ጣጣ ዩንግ በዚህ የወል ስውር ልቡና ውስጥ አለ ያለው አርኬታይፕ ነው። «ተምሳሌት» ተብሎ ተተርጉሟል፣ ግን ተምሳሌት አርአያ የሚሆን ሰውም ነው፣ ምልክትም ነው፤ ሥራ በዝቶበታል። «አብነት»ም እንዲሁ፤ ቆሎ ተማሪውም የባህል ሐኪሙም ይዘውታል። «ጥንተ ምስል» ግን ክብር ይገባዋል። ዩንግ መጀመሪያ የተጠቀመበት የጀርመንኛ ስም «ቀደምት ምስል» ማለት ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ አርኬታይፕ ዞረ፤ ኋላም ጠበቅ አድርጎ ያስረዳው ነገር ቢኖር አርኬታይፕ ራሱ ምስል አለመሆኑን ነው። በሕልምና በተረት የምናያት አሮጊት ምስል ናት፤ እሷን የሚያወጣው ባዶ ቅርጽ ግን አይታይም። ዩንግ ይህን ቅርጽ ክሪስታል ከመርጋቱ በፊት ፈሳሹ ውስጥ ካለው የቅርጽ ሥርዓት ጋር ያመሳስለዋል።

ስለዚህ «ጥንተ ቅርጽ»። ግሪኩም ይደግፈኛል፤ «አርኬ» መጀመሪያ፣ «ቲፖስ» ደግሞ ተመትቶ የወጣ ማኅተም ነው። እኛም ብር ሲቀረጽ የምንለው ይህንኑ ነው። ጥንት ሲባል አክሱምና ላሊበላ ብቻ ይታየኛል የሚል ካለ፣ ሊቃውንት የሚከራከሩበትን «ጥንተ አብሶ»፣ የአዳምን በደል ያስታውስ። እዚያ ጥንተ የዘመን ርቀትን ትቶ መነሻን፣ ከመነሻው የሚወረሰውን ይዟል። ለዩንግ ሐሳብ ከዚህ የቀረበ ጥንድ አላገኘሁም።

ከዩንግ ሌሎች ስያሜዎች «ጥላ»ን ማንም አይንካው፤ ጥላ ወጊ፣ ጥላው የከበደ በምንልበት አገር ትርጉም አያስፈልገውም። ለፐርሶናም ጭንብል ይበቃል፤ የላቲኑም ቃል የመድረክ ጭንብል ነው። አኒማና አኒመስ ግን ከአንድ ሥር ወጥተው አንዱ በሴት፣ ሌላው በወንድ ጾታ የሚነገሩ ናቸው። የእኛ ነፍስ እንደዚያ ለሁለት አትከፈልም፤ «ሴቴ ነፍስ» እና «ወንዴ ነፍስ» ከማለት ደግሞ ሁለቱ በላቲን ስማቸው ቢቆዩ እመርጣለሁ።