የጋፋት ምድጃና የደጋው አየር

ከደብረ ታቦር አጠገብ ስላለችው ጋፋት የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የዐፄ ቴዎድሮስን መድፍ የማሠራት ጽኑ ፍላጎትና የአውሮፓውያኑን ባለሙያዎች እጅ የሚያጎላ ሲሆን፣ ምድጃው ይተነፍሰው የነበረው አየር ግን ከምክንያቶቹ ተርታ ሲቆጠር እምብዛም አናይም።

ባለሙያዎቹ፣ በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት አማካይነት የመጡት፣ ወንጌል ሊያስተምሩ እንጂ መድፍ ሊያቀልጡ አልነበረም። ከእነርሱ አንዱ ዋልድማየር፣ መድፍ እንዲሠሩ የመጣላቸውን የንጉሡን ትእዛዝ ፈርተው እንዳልተቀበሉና አገልጋዮቻቸው ሲታሰሩ ለመሞከር እንደተገደዱ ይተርካል። በንጉሡ እስር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በበኩሉ እነዚሁን ሰዎች የንጉሡ ባለሟሎች አድርጎ ያቀርባቸዋል። ሁለቱን ቃሎች ስንመዝን፣ አንዱ የሥራውን መነሻ፣ ሌላው የተሳካውን ሥራ ሽልማት ስለሚያይ፣ አንዱን ለማመን ሌላውን መጣል አያስፈልገንም።

ወደ አየሩ ስንመለስ፣ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ለአንድ መጠን ከሰል የሚበቃ ኦክስጅን ለማድረስ ወናፉ በሲሶ ያህል የበለጠ አየር መንፋት አለበት። ዛሬ በከተማዋ ፎቆች አየር ማራገቢያ የሚተክል መሐንዲስም ይኸው ስሌት ይገዛዋል፤ ለጠረፍ የተሰላ መሣሪያ እዚህ ያንኑ ስፋት አየር ቢያንቀሳቅስም ክብደቱ ግን ያነሰ ነው። የጋፋት መድፍ ከነሐስ መሠራቱ፣ እንደ እኛ ግምት፣ ከዚህ ጋር ይያያዛል፦ ነሐስ በ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲፈስ፣ ጥሬ ብረት ከ1,150 በላይ ይሻል።

ሴባስቶፖል ስለተባለው ታላቁ የጋፋት መድፍ ክብደትም ምንጮች ይለያያሉ። በአፍ በሰፊው የሚነገረው 70 ቶን ነው፤ ጥናቶች የሚሰጡት ግን 7 ቶን ያህል ነው። 70 ቶን ነሐስ ይዘቱ 8 ሜትር ኩብ ያህል ማለት ነው፤ በመቅደላ አምባ የቀረው መድፍ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በዚያ ስስ አየር ሰባት ቶን አቅልጦ በአንድ ቅርጽ ማፍሰስ በራሱ ታላቅ ሥራ ነውና፣ ማጋነኑ የሠራተኞቹን ክብር አይጨምርም።

በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር የተነሣው መድፍ ግማሽ ዓመት ያህል ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን አረፉ። የጋፋትን ቅሪት የሚያጠኑ ሁሉ ከመድፉ ወሬ አስቀድመው የምድጃዎቹን የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ስፋት ይለኩ ዘንድ አደራ እንላለን።