የታረመ ግጥም ለማን ይመለሳል?

በ1987 ዓ.ም. ቱሉ ዲምቱ ገና የገበሬ መንደር ነበረች። ስሟ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ያን ቀይ አፈር የሚያወድስ ዐሥራ ሁለት ስንኝ ጻፍኩና አቃቂ ድረስ ሄጄ ለአንዲት አነስተኛ ወርኃዊ መጽሔት በፖስታ ላክሁ። ከሦስት ወር በኋላ ግጥሜ ታትሞ ወጣ። ስንኞቹ ግን ዐሥር ነበሩ። ከቀሩትም አንዱ ላይ «ሀገሬ» ያልኩት «ሀገራችን» ሆኗል። ሁለቱ ስንኞች የት ደረሱ? የነገረኝ የለም።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ያነሣሁት የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ለመሆኑ ግጥምን መምረጥና ማረም በሀገራችን እንዴት ያለ ታሪክ አለው?

ነገሩ ከቅኔ ቤት ይጀምራል። ተማሪው ሲቆጥር ያደረውን ጉባኤ ቃና ለመምህሩ ይነግራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ ስሕተት መደበቂያ የለውም። መምህሩ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ፣ ቤቱ ካልመታ ያቃናዋል። ተማሪው ለምን እንደታረመ ሰምቶ፣ ቅኔውን ይዞ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። እርማቱ ትምህርት ነው፤ የታረመውም ቅኔ የተማሪው እንደሆነ ይቀራል።

ማተሚያ ቤት ሲመጣ አራሚና ገጣሚ ተለያዩ። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ከዜናው ጎን ግጥም ያትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለግጥሙ በአንድ ቦታ፣ እርሳስ የያዘው በሌላ ቦታ ሆነ። መድረክ ግን ሌላ ነው። የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» በ1953 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በዓል ላይ ተሰምቶ ዝናው የወጣው በጆሮ ነው። አዳራሽ ውስጥ የሚነበብ ግጥም ከመካከሉ ስንኝ ቢጎድልበት ባለቤቱ ወዲያው ያውቃል። የታተመ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የሚታየው።

በንጉሡም በደርግም ዘመን ሦስተኛ እጅ ነበረ፤ ሳንሱር። ሳንሱር ሲሰርዝ ምክንያቱን ለገጣሚው የማስረዳት ግዴታ አልነበረበትም። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን ሲከለክል የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። እኛም «እንግዲህ ግጥም ነፃ ወጣ» አልን።

እውነትም ከመንግሥት እጅ ወጥቷል። የሰረዘበት ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ቦታ። አነስተኛ መጽሔት ሠራተኛው ጥቂት፣ የወረቀቱና የማተሚያው ሒሳብ ብዙ ነው። ረጅሙ መጣጥፍ ያልሞላው የገጽ ጥግ ለግጥም ይሰጣል። ጥጉ ዐሥር መስመር ከያዘ ዐሥራ ሁለቱ ዐሥር ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በጥድፊያ የተቆረጠ ግጥምም እንዲሁ ነው። ጉዳቱ ከመጉደል ያልፋል። በሰፊው የምንጽፍበት የወል ቤት በስድስትና በስድስት ቀለም ይሄዳል። «ሀገሬ» ሦስት ቀለም ነው፤ «ሀገራችን» አራት። አንዷ ቀለም ስትጨመር ሐረጉ ሰባት ይሆንና ምቱ ይሰበራል። የኔ የግል ናፍቆትም የአደባባይ ንግግር ይሆናል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከዓመታት በኋላ የአንዲት ትንሽ መጽሔት የግጥም ገጽ ለእኔ ተሰጠ። በአንድ ቀን የወር ገጽ ስንዘጋ፣ አንዲት ልጅ ከላከችው ግጥም የመጨረሻዎቹን አራት ስንኞች ቆረጥኩ። ቦታ አልነበረም፤ ለመጠየቅም ጊዜ የለም አልኩ። መጽሔቱ ከወጣ በኋላ አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «የእናቴ ስም የነበረው እዚያ ላይ ነው» የሚል። ያን ጊዜ ከቱሉ ዲምቱ የተላከው ግጥሜ ትዝ አለኝ። የበደሉኝን ሰዎች በደል ቃል በቃል ደግሜዋለሁ።

መምረጥ የአዘጋጅ መብት ነው፤ «አይሆንም» ማለትም ክብር አለው። ማረም ግን የጋራ ሥራ ነው። ቦታ ከጠበበ ግጥሙ ለሚቀጥለው ወር ይደር። ቃል ካልጣመ በእርሳስ ተሰምሮ ለባለቤቱ ይመለስ። ድሮ «ፖስታው ይዘገያል» እንል ነበር። ዛሬ ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም መንደርና የአዳማ ፈጣን መንገድ መነሻ ሆናለች፤ የታረመ ግጥምም በስልክ በደቂቃ ይደርሳል። ምክንያታችን አልቋል።

የቅኔው መምህር ያለ ስልክም ያለ ፖስታም ያውቀው ነበር፤ ተማሪው ፊቱ ቆሞ ነበርና።